ኮሌጅ ዘንድ የተላኩ ሽማግሌዎች

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ላውንድሪ ውስጥ ሱሪ አሳጥር፣ ዚፕ እቀይር ነበር። አለቃዬ ስፌቱ ቀጥ ማለቱን ያያል እንጂ አያቴ ማን እንደነበሩ ጠይቆኝ አያውቅም። አገር ቤት ይህች ጥያቄ መልኳን ስትለዋውጥ አይቻለሁ። ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ጥሩ መልስ ያላት ልጅ የፊት ወንበር ይሰጣት ነበር፤ በእኛ ክፍል የአንድ ደጃዝማች ልጅ ከፊት እንደተቀመጠች ማካፈል ሳትችል ትምህርቷን ጨረሰች። ኋላ መንግሥት ሲለወጥ ያው መልስ ሰው ያሳስር ጀመር። ስለዚህ ጠያቂ የሌለበት አገር መምጣቴን እንደ ዕረፍት ቆጠርኩት።

ዕረፍቱ የቆየው የእህቴ ልጅ ኮሌጅ አፕላይ እስክታደርግ ነው።

ልጅቷ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እናትና አባቷ አዲስ አበባ ቀርተው እሷን ወደ እኔ ላኳት፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ተጋግዘን አሳደግናት። ንግግር አታበዛም፤ በዚህ እኔን ትመስላለች ይላሉ። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ሲነሳ ግን ሁላችንም ወደ ሌላው እንጠቁማለን።

ወንድሜ በጃንሆይ ጊዜ መንግሥት አሜሪካ ልኮ ካስተማራቸው አንዱ ነበር። የተማረበት ኮሌጅ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ ኮረብታ ሥር ያለ፣ ብዙ አመልካች መልሶ ጥቂት የሚቀበል ነው። ስሙን አልጽፈውም። ተምሮ አገሩ ገባ፤ መሥሪያ ቤት መራ፤ ከዚያ አብዮቱ ሲመጣ ብዙ ሰው የሆነውን ሆነና ወደ አሜሪካ ሲመለስ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር የአንድ ፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ስለ ፓርኪንጉ አያወራም። ስለ ኮሌጁ ግን ጠያቂ አይጠብቅም። የኮሌጁ ምልክት ያለበት አንድ ክራቫት ነበረው፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚያስረው እሱን ነው።

የእህቴ ልጅ ያንኑ ኮሌጅ ፈለገች። ለአጎቷ ክብር ብላ አይደለም፤ የሒሳብ ትምህርቱ ጥሩ ነው ስለተባለ ነው። ማመልከቻው ላይ ደግሞ «ከዘመዶችሽ መካከል እዚህ የተማረ አለ?» የሚል ጥያቄ ተቀምጧል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ይህን ነገረችን። የዘመዱ ስም የተጻፈለት ልጅ ከሌላው የበለጠ የመግባት ዕድል እንዳለው የትምህርት ቤቷ አማካሪ ነግራታለች።

የወንድሜ ፊት እንደዚያ ሲበራ ከስደት ወዲህ አላየሁም። ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«እና ስሜን አስተካክለሽ ጻፍሽው? ፈረንጅ ሲጽፈው አንድ ፊደል ያጎድላል።»

«ጋሼ፣ አንተን አልጻፍኩም» አለችው።

እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታ ጥለዋል። ወንድሜ «አንተ» ስትለው ሁልጊዜ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል፤ ያን ቀን ግን ከዚያ የባሰ ነገር ነበረበት።

«ለምን?»

«ሶ፣ ብገባ ማነው የገባው? እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«እኔማ ገብቼ ወጥቻለሁ።»

«ፌር አይደለም። አጎቱ ፓርኪንግ የሚሠራ ልጅ ምን ይሁን?»

«ያንቺም አጎት ፓርኪንግ ነው የሚሠራው» አላት። «ስለዚህ ጻፊኝ።»

አልጻፈችውም። ቦታውን ባዶ ትታ ላከችው። ወንድሜ ዕቃ ሳጥብ ኩሽና መጥቶ ያላጠብኩትን ሳህን በፎጣ እየወለወለ፣ ያ ሁሉ ትምህርት በዚህ አገር አንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው ሳይጠቅም ሊቀር መሆኑን በዝቅተኛ ድምፅ ነገረኝ።  ነገሩ ግን ገብቶኛል። እሷ የፈለገችው መግባቱን ብቻ አልነበረም፤ በራሷ መግባቷን ማወቅ ነበር። እሱ የፈለገው አንድ ጊዜ ጠቅሞ መታየት ነበር። ሁለቱ በአንድ ኮሌጅ በር እኩል ማለፍ አይችሉም።

ዝም ብሎ የሚተወው ሰው ቢሆን ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ለምክር ወደ ዳኛው ሄደ። ዳኛው አገር ቤት በዳኝነት ሸብተው የመጡ፣ ፌርፋክስ አካባቢ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ጉዳዩን እንደ ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙና ፍርዳቸውን ሰጡ። ሰው ቤቱን ሲዘጋብህ በር አይደበደብም፤ ሽማግሌ ይላካል።

«ኮሌጅ ዘንድ?» አልኳቸው እኔ።

«ኮሌጅስ ሰዎች አይደሉም ያሉበት?» አሉኝ።

ሽማግሌ ደግሞ ከሦስት አያንስም። ዳኛው አንድ። ሁለተኛው ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖር ታክሲ ነጂ ወዳጃችን፤ ጴንጤ ነው፣ ዳኛው ደግሞ ጾም የማይስቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ መኪና ያለው እሱ ስለሆነ ሃይማኖቱ ታለፈ። ሦስተኛው ራሱ ወንድሜ ሆነ። እዚህ ላይ ዳኛው ባለጉዳይ የራሱ ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም ብለው ለአንድ ሳምንት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ የተረቱት ከእሱ በቀር እንግሊዝኛውን ለወግ በሚበቃ መጠን የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ ነው። ሴት ለሽማግሌነት አትላክም። እኔ የሄድኩት ለማየት ነው።

ለልጅቷ ለቅሶ እንደምንሄድ ነገርናት። ዳኛው ሙሉ ልብስ ለብሰው በላዩ ነጭ ኩታ ደረቡ፤ ታክሲ ነጂውም የእሳቸውን አይቶ ከሚስቱ ተውሶ ደረበ። ወንድሜ ያቺን ክራቫት አሰረ፣ ኩታም ጨመረባት። መንገድ ላይ ታክሲ ነጂው ጉዟችንን ለጌታ አሳልፈን እንስጥ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጸለይ ጀመረ። ዳኛው ከኋላ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ አሜን እላለሁ። ዓይንህን ግን አትጨፍን፤ ፍሪዌይ ላይ ነን።»

በዚያን ዘመን የኮሌጅ ተማሪዎች ኮሌጆቻቸው ከደቡብ አፍሪካ ዘረኛ መንግሥት ገንዘባቸውን እንዲያወጡ በየቦታው ሰላማዊ ሰልፍ ያደርጉ ነበር። ይህን በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ ከእኛ ጉዳይ ጋር ግን አላያያዝኩትም። ስንደርስ የተማሪዎች ቅበላ ክፍሉ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ጥቂት ልጆች ጽሑፍ የለጠፉበትን ካርቶን ተደግፈው ተኝተዋል። እነሱን አልፈን ገባን። ጸሐፊዋ በፈገግታ ወንበር አሳየችን።

ዳኛው ወንበሩን አዩትና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ወጉ እንደዚያ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ታክሲ ነጂው አጠገባቸው ቆመ። ወንድሜ ለጸሐፊዋ፣ «ጥያቄያችን መልስ እስኪያገኝ ድረስ አንቀመጥም» ብሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ተረጎመላት። ሴትየዋ ስልክ አነሳች።

በመስታወቱ በር አንዲት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ተማሪ ወደ ውስጥ አየች። ነጭ የደረቡ ሦስት ጥቁር ሰዎች ወንበር እምቢ ብለው ቆመዋል። ሮጣ ሄደች። ስትመለስ ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ ነው። ቀስ ብለው ገብተው ከኋላችን በዝምታ ተሰለፉ። አንዱ ለዳኛው ለስላሳ አቀረበላቸው፤ በእጃቸው መለሱት፤ ይህን ሲያይ ልጁ የራሱንም አስቀመጠ።

ዳኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እነዚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?»

«የእኛ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ደስ አላቸው። አጃቢ ያለው ሽማግሌ ክብር አለው።

ብዙ ሳይቆይ የክፍሉ ሹም ወጣ። ቀጭን፣ መነጽሩን ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ነው። ተማሪዎቹን አየ፣ እኛን አየ፣ ጥያቄያችን ምን እንደሆነ ጠየቀ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ከደጃችሁ የቆምነው ለበጎ ነው፤ እናንተ ቤት አላችሁ፣ እኛ ልጅ አለችን፤ ልጃችንን ቤታችሁ አስገቡልን፤ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነውና፣ ይህም የእናንተው ቤት ልጅ ነው ብለው ወንድሜን አመለከቱ። ወንድሜ አህያዋን ትቶ ሌላውን ተረጎመ።

ሹሙ ትንሽ ጠበቀ። «ይኸው ነው?» አለ። ደቡብ አፍሪካ ሳትነሳ ማለፏን ማመን አቅቶት ነበር። ከዚያ ወንድሜ የቀድሞ ተማሪ መሆኑን ሲረዳ ፊቱ ሌላ ሆነ። በሁለት እጁ ጨበጠው። አድራሻውን ካጡት ብዙ ዘመን እንደሆናቸው፣ እንደ እሱ ያለ ልጃቸው ሲመለስ ምን ያህል እንደሚደሰቱ አወራለት።

ፀጉረ አጭሯ ተማሪ ግን ግራ ገብቷት ወንድሜን ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ኮራ ብሎ ነገራት። ልጅቷ ከእኛ አንድ እርምጃ ሸሸች። ረዘም አድርጋ ተናገረችው፤ ወንድሜም ለመተርጎም አልተጣደፈም።

«ምን አለች?» አሉ ዳኛው።

«እንዲያው ነው።»

«ሳታጎድል ተርጉም።»

ወንድሜ እያቅማማ ተረጎመ። አጎቱ እዚህ የተማረ ልጅ በአጎቱ ከገባ፣ ማንም ያልተማረለት ልጅ ከደጅ ይቀራል፤ እኛ ከናንተ ጋር የቆምነው ሌላ መስሎን ነው ብላለች።

ዳኛው ልጅቷን አተኩረው አዩአት። «ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የመጡት?» አላቸው ወንድሜ።

«እንደ ዳኛ ከጠየቅኸኝ አልፈርድልህም። ዛሬ ግን ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ አይፈርድም፤ ይለምናል።»

ይህን ወንድሜ አልተረጎመውም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ሹሙ ወረቀት አውጥቶ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጻፈ። «ልጅዎ ናት?» ብሎ ጠየቀው። «ልጄ ናት» አለው። አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ምንም የተሳሳተ ነገር አልመሰለኝም። የእህት ልጅ ልጅ ካልሆነች ምን ልትሆን ነው? ሹሙ በመጨረሻ ኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የአቅማቸውን ቢሰጡት እንደማይጠላ በጨዋ ደንብ ሹክ አለ። ወንድሜ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«ጥሎሽ ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

አሁን ተቀመጥን። ዳኛው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

ምሥጢሩ ሳምንት አልቆየም። ታክሲ ነጂው ጉባኤው እንዲጸልይበት ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች አሳወቀ፤ ኖርዝ ሆሊውድ የጸለየበት ነገር ደግሞ ፌርፋክስ ሳይደርስ አይቀርም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ አንቺም ሄደሽ ነበር?»

«ሄጄ ነበር።»

«ለምን?»

«ለማየት።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ማታ ማታ ሲመጣ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። እሱም ዜና ሲያይ እንደቆየ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። የፈረንጁን ክረምት በሙሉ እንደዚህ ነበርን።

በጸደይ ፖስታ መጣ። ወፍራም ፖስታ ጥሩ ነው፣ ቀጭን መጥፎ ነው ይባል ነበር፤ ይህ ወፍራም ነው። አነበበችው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ ሄዳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ልጅቷ ካላዘዝኳት ዕቃ የምታጥብ ልጅ አይደለችም። በዚያው ሳምንት ከተማ ውስጥ ካለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም መግባቷን የሚነግር ደብዳቤ መጥቶላት ነበር።

«ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲው ነው የምሄደው» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«ያኛው ተቀብሎሻል እኮ።»

«ማንን? እኔን ነው ጋሼን?»

ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ግን የክረምቱ ዝምታ እኔንም ሰልችቶኝ ነበር። «ደውለሽ ጠይቂያቸዋ» አልኳት።

በማግስቱ ደወለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሱሪ እየቀመቀምኩ ከወዲህ ያለውን ብቻ እሰማለሁ። ስሟን ነገረቻቸው። አጎቷ መጥቶ እንደነበር፣ የተቀበሏት በእሱ ከሆነ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ጠበቀች። የአጎቷን ስም ሰጠች። እንደገና ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። መርፌዬን አስቀመጥኩ። «ደህና ናት፤ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችና ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ልጅቷ ስትስቅ ድምፅ እንዳላት ረስቼው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእሷ ማኅደር ውስጥ ዘመድ የሚባል አልተገኘም። የወንድሜ ጉብኝት ግን በክብር ተቀምጧል፤ ነጭ የለበሱትን ሽማግሌዎች ያልሰማ የቢሮው ሠራተኛ የለም። ፈረንጅ ቤተሰብ የሚያውቀው በመጨረሻው ስም ነው። ወንድሜ ልጄ ናት ብሎ የሰጣቸው የራሱንና የአባታችንን ስም ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትጠራው በገዛ አባቷ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ የነበሩት የአባታችንን ስም የያዘች ሌላ ልጅ ነው። አላመለከተችም ብለው አዝነዋል።

«‹የአጎትሽ ልጅ ታማ ነው ወይ?› አሉኝ» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ምን አልሻቸው?»

«ደህና ናት አልኳቸው።»

ከዚያ ሳቋን ተወች። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው። ወንድሜ ፖስታው መምጣቱን ከሰማ ጀምሮ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ለሚያቆመው ሁሉ ልጄን ኮሌጄ አስገባኋት እያለ ነበር። ለእሑድ ደግሞ ፌርፋክስ ላይ ከነበረችው አንዲት ጠባብ የሐበሻ ምግብ ቤት ግማሹን ተከራይቷል።

«ልንገረው?» አለችኝ።

«የራስሽ ጉዳይ ነው» አልኳት። ሱሪዬን አነሳሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን። ታክሲ ነጂው ይህ የጸሎት ውጤት ነው አለ። ዳኛው ጸሎቱን አልነቀፉም፤ ግን ቆሞ የለመነ እግር ዋጋ እንዳለው አስታወሱ። ወንድሜ ክራቫቱን አስሮ ተነሳና፣ በአገራችንም ሆነ በሰው አገር ዘመድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር ጀመረ። እየቆየ ሲሄድ ኮሌጁን እሱ የሠራው ይመስል ነበር። ልጅቷ ሳህኗን ስታይ ቆየች። ከዚያ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

አንቱ ስትለው ያ የመጀመሪያው ነው። ክፉ ነገር እንደሚከተል ያወቅኩት በዚያ ነው።

«እርስዎ የሄዱላት ልጅ አላመለከተችም» አለች። ሁሉንም ነገረችው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ታክሲ ነጂው ከአፉ የደረሰውን እንጀራ መለሰው። ወንድሜ እጁን ክራቫቱ ላይ አደረገ።

«ስለዚህ አንቺን ማንም አላስገባሽም?»

«ማንም።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። እኔ ሳህኔን አየሁ። ከዚያ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ በሚመስል ድምፅ፣ ግን ጠረጴዛው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ እንኳ የገባሁት በአንድ ትልቅ ሰው ደብዳቤ ነው» አለ። ይህን እኔም እህቱ ሆኜ አላውቅም ነበር። ክራቫቱን ትንሽ ፈታ አደረገና ተቀመጠ።

ሰው ማንኪያውን ሲነካካ፣ ወንድሜ ድንገት ቀና አለ።

«እንግዲያው የዚያችኛዋ ልጅ ቦታ እስካሁን ክፍት ነው ማለት ነዋ» አለ።

ልጅቷ «ጋሼ፣ አይሆንም» አለች፤ ሳቋ ግን ቀድሟት ነበር፤ የሰማትም የለም። ታክሲ ነጂው ሴት ልጁ ሦስተኛ ክፍል መሆኗን፣ ነገር ግን በጣም ጎበዝ መሆኗን ያስረዳ ጀመር። ዳኛው ወንበራቸውን ወደ ወንድሜ አስጠግተው፣ የእሳቸው የልጅ ልጅ ወንድ ቢሆንም ጉዳዩን እንደማያበላሽ ከተናገሩ በኋላ፣ ስንተኛ ቤት ላይ ከእኛ ዘር ጋር እንደሚገናኙ በጣታቸው ይቆጥሩ ገቡ።